ወደ ጉሬዛዎቹ ደን

ጋሽ አሰፋ ገብረጻድቅ የሞቱት ለቅዳሴ የለበሱትን ሳያወልቁ ነው። ሰኞ ማለዳ ኢንስፔክተር ወለተሥላሴ አስከሬን ክፍሉ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው ነጠላቸውን ነበር፤ ጥለቱ በቀይ አፈር ተለውሶ ከአልጋው ግርጌ ተጠቅልሏል። ወደ ፊታቸው ለመዞር ጥቂት አመነታች። ስድስተኛ ክፍል ሳለች ርዕሰ መምህሯ ነበሩ። አንድ ቀን የጓደኛዋን የቤት ሥራ ገልብጣ ስትያዝ አልገረፏትም። «ነገ ራስሽ መጥተሽ ትነግሪኛለሽ» ብለው ብቻ ሰደዷት። ከግርፋት የባሰ ቅጣት እንደነበር እስካሁን አልረሳችውም።

«ከገደል መውደቅ ነው» አለ ሐኪሙ። «ሠላሳ ሜትር ይሆናል። ደኑ ያለበት ወረዳ ፖሊስ ‹አዳልጧቸው› ብሎ ጽፏል። ቤተሰቡ ዛሬ ሊቀብር ተዘጋጅቷል፤ የቀረው የእርስዎ ፊርማ ነው።»

ወለተሥላሴ እስክሪብቶዋን አላወጣችም። በጠረጴዛው ላይ የሟቹ ዕቃ በፌስታል ተቀምጧል፤ የእጅ ሰዓት፣ መሀረብ፣ መቁጠሪያ፣ ሁለት መነጽር። አንደኛው ወፍራም ጥቁር ፍሬም ያለው ሲሆን፣ በቆዳ ማህደሩ ውስጥ ነው፤ ጭረት እንኳ አልነካውም። ሁለተኛው ቀጭን ወርቃማ ነው፤ አንዱ መስታወቱ ረግፏል።

«ይሄ ወርቃማው የት ነበር?»

«አንድ ጆሯቸው ላይ ተንጠልጥሎ። ጥቁሩ የኮታቸው የውስጥ ኪስ ውስጥ ነበር።»

ጥቁሩን አንስታ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየችበት። በወርቃማው ቀሪ መስታወት ደግሞ የገዛ አውራ ጣቷን አየች፤ መስመሮቹ ጎልተው ታዩ።

«አንድ ሰው አፋፍ ላይ ቆሞ ተራራ ቢያይ የትኛውን ያደርጋል?»

«ጥቁሩን። ወርቃማው የንባብ ነው።»

«እሳቸው ግን ጥቁሩን አውልቀው፣ ማህደሩ ውስጥ ከተው፣ ኪሳቸው ካስገቡ በኋላ ነው የወደቁት።» ፌስታሉን እንደገና አገላበጠችው። «የሚነበብ ነገር የለም። ስልክም የለም።»

ቀብሩን አልከለከለችም። ለቤተሰቡ የላከችው ቃል ግን አጭር ነበር፤ መቅበር ትችላላችሁ፣ ከከተማ ግን ማንም አይወጣም።

*

በጀጎል ግንብ ውስጥ ለሐዘን ድንኳን የሚተከልበት ሜዳ የለም። ከፈረስ መጋላ በስተጀርባ ያለው የጋሽ አሰፋ ቤት የሚገኘው ሁለት ሰው ተያይዞ በማያልፍበት ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ወለተሥላሴ ስትደርስ ለቀስተኛው ከግቢው ተርፎ በግንቡ ጥግ ጥግ ተደርድሯል። የሟቹ ቤተሰቦች ትንሽ አየር ለመቀበል እንኳ ብቅ ባሉ ቁጥር የአርባ ሰው ዓይን ያርፍባቸዋል። ስለዚህ መውጣት ትተዋል። ፖሊስ ከከተማ አትውጡ እንዳለ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል፤ «አዳልጧቸው» የሚለውን ወሬ ያመነ አልነበረም።

ልደት፣ የሟቹ ትልቅ ልጅ፣ በጓዳ ተቀብላ አነጋገረቻት። ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ድምፅዋ በለቅሶ ሰልሏል።

«ጉዞውን ማን አሰበው?»

«ማንም አላሰበውም። እሑድ ከቅዳሴ ተመልሰን ቁርስ ስንበላ ልጄ ሶልያና ‹አባባ፣ ቡርቃ ደን ሄደን ጉሬዛ እንይ› አለች። አባባ ለእሷ እምቢ አያውቅም። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሚኒባሱ ውስጥ ነበርን። ልብስ የቀየረ የለም፤ እኔ በተረከዝ ጫማ ነው ጫካ የገባሁት። ጎረቤታችንን እማ አሚናን ከደጃፏ ጠርተን ይዘናት ሄድን።»

«ምሳ በልታችሁ ተበተናችሁ።»

«አዎ። እኔ ከሶልያና ጋር ከዛፎቹ ሥር ጉሬዛ እናያለን። እማ አሚና ልትሰግድ ምንጣፍ አነጠፈች። ባለቤቴ ወንድወሰን ጎማ ልይ ብሎ ወደ ሚኒባሱ ተመለሰ። አባባ ብቻውን ወደ አፋፉ ሄደ።»

«ወንድምሽስ?»

ልደት ጥያቄውን ዘለለችው። «ስምንት ሰዓት አለፍ እንዳለ ጩኸት ሰማን።»

«አባትሽ ያለ ወርቃማው መነጽር ማንበብ ይችሉ ነበር?»

«የገዛ ስሙን እንኳ አያነብም። ጥቁሩ ለሩቅ፣ ወርቃማው ለንባብ። ሁለቱን አቀያይሮ አያውቅም።»

«ስልካቸውስ?»

«መኪና ውስጥ ቻርጅ ላይ ነበር።»

የስምንት ዓመቷ ሶልያና ከእናቷ ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ከእሑድ ወዲህ ከቤት አልወጣችም፤ ቃልም አልወጣትም። «‹እኔ ባልጠይቅ ኖሮ› ብላ አንዴ አለቀሰች፤ ከዚያ ዘጋች» አለች እናቷ በሹክሹክታ። ወለተሥላሴ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ምንም አልጠየቀቻትም። ልጅቱ ጥቂት ቆይታ ደብተሯን ገፋ አደረገችላት። የተከፈተው ገጽ ላይ ረጅም ነጭ ጭራ ያለው ጥቁር ጉሬዛ ተሥሏል፤ ከሥሩ የመምህርት ቀይ ምልክት፣ ያለፈው ዐርብ ቀንና «በጣም ጥሩ» የሚል ጽሑፍ አለ።

ወለተሥላሴ ሥዕሉን ረጅም ጊዜ አየችው። «ያምራል» አለች በመጨረሻ፣ ደብተሩንም በቀስታ ዘጋችላት።

ባርኮት፣ የሟቹ ወንድ ልጅ፣ ጣሪያው ላይ ብቻውን አገኘችው። ሃያ አምስት ዓመቱ ነው።

«አቦ፣ እርስዎም እኔ ነኝ ሊሉ ነው የመጡት? ሰፈሩማ ፈርዶብኛል።»

«ሰፈሩ ምን ያውቃል?»

«ቅዳሜ ስንጨቃጨቅ ሰምቷል። ጅቡቲ ወደብ ሥራ አግኝቼ፣ አባቴ ፓስፖርቴን ቆለፈብኝ። ‹በዚህ ግንብ ውስጥ አላረጅልህም!› ብዬ ጮህኩበት። እዚህ ግድግዳው ሁሉ ጆሮ አለው።»

«አባትህ ሲወድቁ የት ነበርክ?»

«ከእማ አሚና ጋር።» ዓይኑን ወደ ጎረቤት ጣሪያ አዞረ። «እንዲህ ያለ ዕድል አይጣል። ሰው ለነዳጅ ቀኑን ሙሉ ተሰልፎ ባዶውን በሚመለስበት ከተማ፣ የእኛ ሚኒባስ ሙሉ ሆና ተገኘች። ወንዴ ‹ዕድላችን ነው› ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። ባዶ ሆና ብትገኝ ኖሮ አባቴ ዛሬ በሕይወት ነበር።»

የወይዘሮ አሚና ቤት ፊት ለፊት ነው። ለአርባ ዓመት በመጋላ ጉዶ ገበያ ቅመም ሲሸጡ የኖሩ ሴት ናቸው፤ እናታቸው የሞተችባቸውን ልደትንና ባርኮትን ያሳደጉም እሳቸው ናቸው። የልጅ ልጃቸው ሀናን ጀርባዋን ሰጥታ ምንጣፍ ላይ በጠርሙስ ክዳኖች ትጫወታለች።

«አሰፋ ወላሂ ከወንድም በላይ ነበር» አሉ። «ወላሂ ከዚያ ቤት ክፉ ቃል ወጥቶብኝ አያውቅም።»

«ባርኮትስ?»

«ከእኔ ጋር ነበር።»

«እርስዎ ምን ያደርጉ ነበር?»

«ዙህር እሰግድ ነበር።»

«ሶላት ላይ ፊትዎ ወደ ቂብላ፣ ዓይንዎ ወደ ምንጣፉ ነው። ታዲያ ልጁን በየት አዩት?»

አሮጊቷ የብረት ሳህን አንስተው ማበስ ጀመሩ።

«ሁሉም ላይ ‹ወላሂ› ይላሉ፤ ይቺ ላይ ብቻ አላሉም። እስቲ ብለው ይድገሙልኝ።»

ሳህኑ ከወይዘሮ አሚና እጅ አምልጦ ወለሉ ላይ ወድቆ ጮኸ። ወለተሥላሴ ደነገጠች። ሀናን ግን ዘወር አላለችም፤ ክዳኖቿን መደርደር ቀጠለች።

«አትሰማም» አሉ ወይዘሮ አሚና። «አምና ታማ መርፌ ከተወጋች ወዲህ። ቀደራላህ፣ የአላህ ውሳኔ ነው ብለን ተቀበልን።» እንባቸው መውረድ ጀመረ። «ልጄ፣ ባርኮትን አላየሁትም። ግን እሱ አይደለም። ፈርቼ ነው። ቅዳሜ አሰፋ እዚህ ደጃፍ ላይ ቆሞ ‹አሚና፣ ቤቴ ውስጥ አንድ ሰው ዋሽቶኛል። እስከ ሰኞ ጊዜ ሰጥቼዋለሁ። ራሱ ካልተናገረ እኔ እናገራለሁ› አለኝ። ማን ነው ስለው ‹አማና ነው፣ አደራ አለብኝ፣ አልነግርሽም› አለኝ። ባርኮት መሰለኝ።»

«ሌላስ የጠየቁዎት ነገር አለ?»

«ከወር በፊት የሀናንን የሕክምና ካርድ ወስዶ አይቶት ነበር። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም።»

ወንድወሰንን ለመጨረሻ አስቀረችው። የልደት ባል ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ በአንድ የግል መድኃኒት ቤት ፋርማሲስት ነው። ለቀስተኛውን ሁሉ የሚያስተናግደው እሱ ነው፤ አረጋውያኑ እየመረቁት ያልፋሉ። በእሑድ ጫማው ገደሉን ወርዶ አማቱን ያቀፈ እሱ ነበርና።

«ሚኒባሱ ጋ ነበርኩ» አለ። «ጩኸቱን ስሰማ ሮጥኩ፤ ወረድኩ። ስደርስ ገና ሞቃት ነበሩ።»

«አጠገባቸው ወረቀት አላዩም?»

«ወረቀት? የለም።»

«ደኑን ያውቁት ነበር?»

«በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።»

ከመውጣቷ በፊት የጋሽ አሰፋን ክፍል አየች። ጡረታ ከወጡ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናቸውም የርዕሰ መምህርነት ልማዳቸውን አልተዉም፤ የላኩትንና የተቀበሉትን ደብዳቤ ሁሉ በቁጥር የሚጽፉበት መዝገብ ጠረጴዛቸው ላይ ነበር። የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ገቢ ቁጥር 41። ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር፣ ስለ ማስረጃ ማጣራት ለጻፍኩት የመጣ መልስ። ለባለጉዳዩ እስከ ሰኞ ጊዜ ተሰጥቷል።» የባለጉዳዩ ስም የለም። በፋይሉ ውስጥ ከቁጥር 40 በኋላ ባዶ ነው።

*

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አለቃዋ ኮማንደሩ ባርኮትን አሰረው። «ጠብ አለ፣ ውሸት አለ፣ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» አላት። ፍርድ ቤት እስኪቀርብ የቀረው አርባ ስምንት ሰዓት ብቻ ነበር። ወንድወሰን ራሱ ምግብ ይዞለት መጣ፤ ባርኮትም በብረቱ መሀል እጁን ጨብጦ «ወንዴ፣ አንተ ብቻ ነህ የቀረኸኝ» ሲለው ወለተሥላሴ በኮሪደሩ ስታልፍ ሰማች።

ረቡዕ ከሳጅን ዩሱፍ ጋር ወደ ቡርቃ ደን ወጣች። ዩሱፍ ጡረታው የተቃረበ፣ ነገር የማይረሳ ሰው ነው፤ መንገዱን ሁለት ሰዓት ሙሉ ዝም ብሎ ነዳ። የደኑ ጠባቂ ሙሳ ከጎጆው ደጃፍ ተቀበላቸው። አፋፉ ከጎጆው መቶ እርምጃ አይሞላም።

«ጩኸቱን ስሰማ ወዲያው ነው የሮጥኩት» አለ ሙሳ። «ስደርስ የልጃቸው ባል ከታች ነበር።»

«ከታች የት?»

«በፍየል መንገዷ ግማሹን ወርዷል። ጠንካራ ነው፤ አላህ ይስጠው አልኩ።»

ወለተሥላሴ መንገዷን ፈለገች፤ አጣቻት። ሙሳ አፋፉ ጫፍ ድረስ ወስዶ፣ ወይራው ሥር ጎንበስ አድርጎ አሳያት። ከዚያች ነጥብ ሌላ ከየትም አትታይም።

«አሁን ሚኒባሷ የቆመችበት ሄደህ፣ በሙሉ ጉልበትህ እዚህ ድረስ ሩጥ።»

ሙሳ ስምንት ዓመት በዚያ ዳገት የሮጠ ሰው ነው። ዩሱፍ ሰዓቱን ያዘ። አራት ደቂቃ ፈጀበት። ከጎጆው ግን አንድ ደቂቃ አልሞላም።

ሙሳ ላቡን እየጠረገ ቆመ። ማንም ሳይነግረው ገባው። «እኔ ቅርብ ነበርኩ» አለ ቀስ ብሎ። «እሱ ሩቅ ነበር። እንዴት ቀደመኝ?»

ወለተሥላሴ ወደ ጫፉ ተጠጋች። በአፋፉ ላይ ብቻዋን ጥቂት ቆመች። ከፊቷ ደኑ እስከ አድማስ ተዘርግቷል፤ ከኋላዋ ግን ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም አንድ ሰው ቆሞ ሊዘጋው ይችላል። ሽማግሌው ወረቀት ላይ አጎንብሰው ሲያነቡ የት ሊሸሹ ይችሉ ነበር?

*

ሐሙስ ጠዋት ዝናብ ይዘንብ ነበር። ሚኒባሷ በፖሊስ ግቢ ቆማለች። ወለተሥላሴ ሁሉም እሑድ በተቀመጡበት እንዲቀመጡ አደረገች፤ ወንድወሰን መሪው ላይ፣ ልደት ከኋላው፣ ወይዘሮ አሚና በመስኮቱ በኩል፣ ባርኮት በካቴና ከመጨረሻው ወንበር፣ ከዩሱፍ ጎን። ሙሳ በሩ አጠገብ ካለችው ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ራሷ ጋቢና ገባች፣ ጋሽ አሰፋ በተቀመጡበት። በሩ ተዘጋ። መስኮቶቹ በትንፋሽ ደፈረሱ።

«ሶልያናን እንዳታመጡ ያልኩት በምክንያት ነው» አለች። «ቁልፉን ያዙሩት፣ አቶ ወንድወሰን።»

የነዳጁ መለኪያ ከግማሽ በላይ ወጥቶ ቆመ።

«ቡርቃ ደርሳ ተመልሳ ገና ይህ ቀርቷታል። ሚኒባሷ ከቤት እስከ ሥራ ብቻ የምትሄድ ናት። ዩሱፍ፣ ንገራቸው።»

«ዐርብ ከሰዓት በኋላ ተቀድቷል» አለ ዩሱፍ። «ክፍያው በስልክ ስለሆነ ሰዓቱ ተመዝግቧል። አቶ ወንድወሰን ከሥራ አስፈቅደው አራት ሰዓት ተሰልፈዋል።»

«ነዳጅ መቅዳት ወንጀል ሆነ?» አለ ወንድወሰን ፈገግ ብሎ።

«አይደለም። ስለዚህ ከመነጽሩ ልጀምር። ጋሽ አሰፋ አፋፉ ላይ ሆነው ጥቁሩን አውልቀው ወርቃማውን አደረጉ። ያነቡ ነበር ማለት ነው። ስልካቸው እዚህ ነበር፤ ስለዚህ ያነበቡት ወረቀት ነው። ወረቀቱ ግን አልተገኘም። ከሬሳው ማን ቀድሞ ደረሰ?»

«አባቴን ሊያነሳ ነው የወረደው!» አለች ልደት።

«ሁላችንም ያልነው ይህንኑ ነው። እስቲ ታገሺኝ። ኮማንደሩ ባርኮትን ጠረጠረ። ወይዘሮ አሚናም ጠረጠሩ፤ ስለጠረጠሩም ዋሹለት። ባርኮት፣ ስምንት ሰዓት ከአሥር ላይ የት ነበርክ?»

ባርኮት አንገቱን ደፋ።

«ስልክህ ይናገራል። ከስምንት ሰዓት ከአምስት እስከ ስምንት ከሃያ ከጅቡቲ ቁጥር ጋር ስታወራ ነበር። ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? ‹አባቴ ባይፈቅድም እመጣለሁ፣ እሱን ተወው› እያልኩ ነበር። እንደዚያ እያልኩ ነው የሞተው።»

ወይዘሮ አሚና ወደ ኋላ ዞረው እጃቸውን ዘረጉለት፤ እሱ ግን አላየም።

«ዩሱፍ፣ ካቴናውን ፍታለት። አሁን ወደ ጉዞው። ሁላችሁም ‹ድንገት ተነሳን› አላችሁኝ፤ አልዋሻችሁም። ግን ለአንድ ሰው ድንገተኛ አልነበረም። የሶልያና ደብተር ላይ ጉሬዛ ተሥሏል። መምህርቷ ያረመችው ዐርብ ጠዋት ነው። ልጅቷ ጉሬዛን ያወቀችው እሑድ ቁርስ ላይ አይደለም፤ አስቀድሞ አንድ ሰው ነግሯታል። አያቷ እምቢ እንደማይሏት የሚያውቅ ሰው።»

የልደት እጅ ወደ አፏ ሄደ።

«ሙሳ ከጎጆው አንድ ደቂቃ ሳይሞላ አፋፉ ደረሰ። አቶ ወንድወሰን ሚኒባሱ ጋ ቢሆኑ አራት ደቂቃ ይፈጅባቸው ነበር። ሙሳ ሲደርስ ግን ግማሹን ወርደዋል፤ ያውም ከአፋፉ ጫፍ ብቻ በምትታይ መንገድ።»

«በድንጋጤ ነው… ሰው በድንጋጤ ይሮጣል» አለ ወንድወሰን። ፈገግታው ጠፍቷል።

«ወረቀቱስ? ጋሽ አሰፋ ሰውን ከማጋለጣቸው በፊት ራሱ እንዲናገር ጊዜ ይሰጡ ነበር። እኔንም ሰጥተውኛል። ለአንድ ሰው እስከ ሰኞ ሰጡት። የሬጅስትራሩ ደብዳቤ ከፋይላቸው ጠፍቷል፤ መዝገባቸው ላይ ግን ቁጥሩ አለ። ሬጅስትራሩን ምን ብሎ እንደጻፈላቸው ጠየቅን፣ መልሱ ዛሬ ጠዋት መጣ። የዲግሪዎ ቁጥር ከዘጠኝ ዓመት በፊት የተመረቀች የአንዲት ሴት ነው። እርስዎ ከሁለተኛ ዓመት በኋላ አልተማሩም።»

ልደት ወደ ባሏ ቀና አለች።

«ጋሽ አሰፋ ለምን ማጣራት ጀመሩ?» አለች ወለተሥላሴ። ይህን ለመናገር አልፈለገችም ነበር፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አምና አንዲት ሕፃን ታማ፣ የመርፌዋን መድኃኒት መጠን ፋርማሲስቱ አስልቶ ጻፈላት። ሦስት እጥፍ ነበር። ካርዷ ላይ ፊርማው አለ።»

ወይዘሮ አሚና ከመስኮቱ ዞሩ። ከዚያ በጣም በቀስታ «ሀናን?» አሉ።

ወንድወሰን መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ፊት ለፊቱን አየ። «ይህ ሁሉ ግምት ነው» አለ። «ነዳጅ፣ ሥዕል፣ ደቂቃ መቁጠር። ወረቀት የላችሁም።»

«እውነትህን ነው፤ አቃጥለኸዋል።» ወለተሥላሴ አንቱታውን ተወች። «ስለዚህ አንድ ምስክር ቀርቶኛል። ጉሬዛውን ማን እንዳሳያት፣ ‹እሑድ አያትሽን ጠይቂ› ማን እንዳላት የምታውቅ። እስካሁን አልጠየቅኳትም። ዛሬ ከሰዓት ልጠይቃት እችላለሁ፤ ትመልስልኛለች፣ እውነተኛ ልጅ ናት። ከዚያ በኋላ ግን ዕድሜዋን ሙሉ አያቷን በማን ቃል ወደ ገደል እንደወሰደች እያወቀች ትኖራለች። አባቷንም በገዛ አፏ አሳልፋ እንደሰጠች። ወይም ደግሞ አንተ ትነግረኛለህ፤ እኔም የልጅቷን በር አላንኳኳም። ምረጥ።»

ልደት የባሏን ማጅራት ከኋላ ሆና ታየዋለች፤ በዚያ ማጅራት ላይ አንድ ነገር ሲላላ አየች።

«ልጄን አትጠይቋት» አለ።

«ተናገር እንግዲህ።»

«ጥፋቴን በራሴ እጅ ጻፍኩ። ‹እንዳሉኝ ጽፌያለሁ፤ ሰው በሌለበት ያንብቡልኝ› አልኳቸው። ደስ አላቸው። መነጽራቸውን ቀየሩ። እያንዳንዱን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ሲጨርሱ ቀና ብለው አዩኝና ‹ጎሽ፣ ልጄ› አሉኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ገፋኋቸው።»

ባርኮት ከኋላ ወንበር ጮኸ፤ ዩሱፍ ትከሻውን ይዞ አስቀረው። ልደት አልጮኸችም። ሙሳ በሩን ከፈተው። ሁለት ፖሊሶች ወንድወሰንን በዝናቡ ውስጥ ይዘውት ሲሄዱ አንድ ጊዜ ዞር ሊል ሞከረ፤ ሚስቱ ግን ዓይኗን ከጉልበቷ አላነሳችም።

*

ባርኮት በዝናቡ ቆሞ ያለቅሳል። ወይዘሮ አሚና ወርደው፣ ሻሻቸውን ወደ ፊት ስበው፣ ከሚኒባሷ ጥቂት ራቅ ብለው ቆሙ። ጀርባቸውን ሰጥተዋል። ልደት ብቻ ቀረች።

«ውረጂ፣ ልጄ» አለቻት ወለተሥላሴ። «ዩሱፍ ቤት ያደርሳችኋል።»

«የት ቤት? ደጃፌ ከእሷ ደጃፍ ፊት ለፊት ነው። በሬን በከፈትኩ ቁጥር ሀናንን አያለሁ። እማ አሚና እኔን ታያለች።» ወንበሩን ጨብጣ ያዘች። «ዘጠኝ ዓመት አብሬው ተኝቻለሁ። አላውቅም ነበር ብል ማን ያምነኛል? ከዚህ አልወርድም።»

«ሶልያና እየጠበቀችሽ ነው።»

«ምን ልበላት?»

ወለተሥላሴ ወደ በሩ ተጠጋች። «ዛሬ ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ ንገሪያት» አለች። «አባቷ ራሱ እንደተናገረ ንገሪያት። የቀረውን ስታድግ ትጠይቅሻለች። ያን ጊዜ አትዋሺያት።»

ልደት ራሷን ነቀነቀች፤ ሆኖም አልተነሳችም። ዝናቡ በተከፈተው በር እየገባ ጫማዋን ያረጥበዋል። ወለተሥላሴ እጇን ልትዘረጋላት ስትል ከኋላዋ የእግር ድምፅ ሰማች፤ ገለል አለች።

ወይዘሮ አሚና ተመልሰው መጥተው በሩ ላይ ቆመዋል። ፊታቸው በእንባም በዝናብም ርሷል፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለይም። ቁጣም ነበረበት፤ ሊሸሽጉትም አልሞከሩም። ለረጅም ጊዜ ልደትን አዩዋት።

«ሀናንን ያደነቆራት እሱ ነው» አሉ። «አንቺን ያሳደግኩሽ ደግሞ እኔ ነኝ። ውረጂ።»

ልደት ወረደች።